ሜዳውን ክፈትልኝ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ቤቱን ካላጸዳሁ ብላ ተነሳች። እሷ መጥረጊያ ከያዘች ቤታችን ውስጥ ጥግ ይዞ የተቀመጠ ዕቃ ሁሉ መድረሻ የለውም። ከቁም ሳጥኑ ሥር ጎትታ ያወጣችው ያን አሮጌ ላፕቶፔን ነው። እንደ ብሎኬት የከበደ፣ ማጠፊያው የላላ፣ ከፊደላቱም ሁለቱ የወለቁ። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ ሶኬት ላይ ካልተሰካ ትንፍሽ አይልም።

«አባዬ፣ ይሄ ቅርስ ነው ወይስ ቆሻሻ?» አለችኝ።

«አስቀምጪው።»

«ስልክህ እኮ ከዚህ ይሻላል። ምን ይሠራልሃል?»

«በዓመት አንድ ቀን ይሠራልኛል። አስቀምጪው አልኩሽ እኮ!»

ቁጣዬ ራሴንም አስደነገጠኝ። እሷ ግን ለምዳኛለች፤ «እሺ ጌታው» ብላ እየሳቀች ወደ ሌላው ጥግ ሄደች። እኔ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ያ አንድ ቀን ማግስቱ ነበር፤ የግንቦት ሚካኤል ማግስት።

ነገሩ የሚጀምረው ከሸዋ ሮቢት ነው። ተወልጄ ያደግሁት እዚያ ነው፤ አዲስ አበባ ይህን ያህል ዘመን ብኖርም ስለ ሙቀት ሲወራ የማንንም አገር ወሬ አልሰማም። ወጣት ሳለሁ፣ ስነ ምድር ተምሬ እንደጨረስኩ፣ የባህር ወለል ካርታ አሠራር እንድማር ለጥቂት ወራት ውጭ አገር ተላክሁ። ባህር የሌለው አገር ልጅ! የሰፈሩ ሰው ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ደግሞ ባህር የት አግኝተን ነው ታቹን የምትለካው?» ይሉኛል። እናቴ ብቻ «ሐይቅስ ቢሆን ታች የለውም እንዴ?» እያለች ትሟገትልኝ ነበር። ኋላ እንጀራዬ የሐይቅና የግድብ ወለል መለካት ሆነና የእናቴ ነገር ደረሰ።

ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። ከጀልባ ሥር ድምፅ ወደ ታች ይለቀቃል፤ ወለሉን ነክቶ እስኪመለስ የፈጀው ጊዜ ይለካል። ጉድጓድ ውስጥ ጠጠር ጥሎ ጆሮ መስጠት ማለት ነው። ከዚያ የሚገኘው የቁጥር ክምር ብቻውን ለማንም ምንም አይናገርም፤ የሚያናግረው ማሳያ ሶፍትዌሩ ነው። ቁጥሩን ስትሰጠው ስክሪኑ ላይ ተራራና ሸለቆ አድርጎ ይዘረጋልሃል። በማውስ ይዘህ ታዞረዋለህ፤ እንደ አሞራ ከላይ ታያለህ፣ ዝቅ ብለህ ደግሞ በሸለቆው መሃል ትበራለህ። በዚያ ዕድሜዬ ከዚህ የበለጠ ተአምር አላየሁም ነበር። ምሳ ይረሳኛል እኮ!

አንድ ነገር ግን እዚህ ላይ ልናገር፣ ወደ ኋላ ያስፈልገናልና። የባህር ወለል እንደ እውነቱ ከታየ አብዛኛው ለጥ ያለ ነው። ስፋቱ እልፍ፣ ከፍታው ኢምንት። እንዲያው ብታሳየው ሰው ያዛጋል። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ላይ ከፍታውን ብቻ አምስት እጥፍ፣ አስር እጥፍ የሚስብ ቦታ አለ። ትስበዋለህ፤ ጉብታው ተራራ፣ ቦዩ ገደል ይሆናል፤ ተመልካች «ጉድ!» ይላል። ማጭበርበር አይደለም፤ ስንት እጥፍ እንደተሳበ ጥግ ላይ ይጻፋል። ጥግ የሚያነብ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ከውጭ በተመለስኩ በዓመቱ፣ ለግንቦት ሚካኤል፣ ላፕቶፔን ታቅፌ ወደ ቤተሰብ ወረድሁ። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጣርማ በር ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ዋሻውን አልፈህ ቁልቁል ስትወርድ ጆሮህ ይደፈናል፤ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዝተህ ሹራብህን ታወልቃለህ፤ ሮቢት ስትገባ ደግሞ ቆዳህንም ብታወልቅ ደስ ባለህ። የማንጎ ወቅት ነበር። መናኸሪያው ዙሪያ ማንጎ ተከምሮ፣ ባጃጆቹ በአቧራው መሃል እየተሹለከለኩ፣ ከተማው ሁሉ የበሰለ ማንጎና የነዳጅ ሽታ ይሸታል። ያ ሽታ ዛሬም ሆዴን ያባባዋል።

የበዓሉ ዋዜማ የተማርኩበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ለተማሪዎች አሳየሁ። ዓለም ሁሉ እንዲጠቀምበት ከተለቀቀው መረጃ ላይ ቀይ ባህርን ይዤ ነበር። ከፍታውን አስር እጥፍ ስቤ፣ ጥልቁን ሰማያዊ፣ ጥልቅ ያልሆነውን ቀይ ቀብቼ በገደሎቹ መሃል አበረርኳቸው። አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሰው ግን አልጮሁም፣ አላጨበጨቡም። ሁሉም ሲወጣ ቀርተው ክንዴን ያዙኝ። ጋሼ ንጉሤ ነበሩ፤ ዘመናቸውን የአሰብ መንገድ ላይ የጨረሱ የከባድ መኪና ሾፌር። የልብ ሕመም ከመሪው ላይ ካወረዳቸው ወዲህ ሰውነታቸው መንምኖ ነበር።

«ደምሴ፣ ይሄ ያሳየኸው ባህር ምጽዋና አሰብ ያለው ነው?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«እህቴን ታውቃታለህ።»

እንዴት አላውቃቸውም! እትዬ አስካለን በዚያ መንገድ የሚያልፍ ሾፌር ሁሉ ያውቃቸዋል። ከሮቢት በፊት ጀውሃ ከተማ ላይ እየራበው፣ «ትንሽ ልታገስና አስካለ ቤት ልብላ» ብሎ የሚያልፍ ሰው ሞልቷል። የማሽላ እንጀራቸው፣ የማሾ ወጣቸው! ባላቸው ደጉ የሚባል ባህረኛ ነበር። እኔ ገና ሕፃን ሳለሁ ከምጽዋ ወደ አሰብ ጭነት ይዛ የተነሳች ትንሽ መርከብ ማዕበል ውስጥ ጠፋች፤ እሱም አብሯት። ሚስቱን አንቱ እያልኩ እሱን እሱ ማለቴ በንቀት አይደለም፤ በወጣትነቱ ስለቀረ አፌ አልለመደውም። ከመርከቧ አንዲት ሳንቃ እንኳ አልተገኘችም።

ሽማግሌዎች ጎህ ሲቀድ መርዶ ይዘው እትዬ አስካለ ደጅ ቆሙ። እትዬ አስካለ ሰምተው ጨረሱ። አላለቀሱም።

«አፈር አልብሳችሁታል?» ብለው ጠየቁ።

«የለም። ውሃ ነው የበላው» አሏቸው።

«ባህር ወለል የለውም። ይሄን የነገረኝ እሱ ራሱ ነው። እንግዲህ ገና እየወረደ ነው። ላላረፈ ሰው ደግሞ ለቅሶ አይቀመጡም» አሉና በራቸውን ዘጉ።

ከዚያ ወዲያ ማንም ንቅንቅ ሊያደርጋቸው አልቻለም። ፍትሐት የለ፣ ተዝካር የለ። የነፍስ አባታቸው ስሙ ከሙታን ጋር ይጠራ ቢሏቸው መልሳቸው «ይቆየኝ» ነው። የቀወሱ እንዳይመስላችሁ፤ በሌላው ነገር ሁሉ ጭንቅላታቸው ምላጭ ነበር። ግን ጥቁር አልለበሱም፤ ነጭ ለብሰውም ሠርግ አልሄዱ። ባል የሞተባትም ባል ያላትም ሳይሆኑ ዘመኑ ነጎደ። የከተማው ሰው ደግሞ ስሙን ሲያነሳ ምን እንደሚያስከትል ይጨንቀው ነበር። አፈሩ ይቅለለው እንዳይባል አፈር የለ፤ በሰላም ይመልሰው እንዳይባል ተስፋ የለ።

«ሐኪሞቹ የነገሩኝን የማውቀው እኔ ነኝ» አሉኝ ጋሼ ንጉሤ እዚያው አዳራሹ ውስጥ ደረታቸውን በመዳፋቸው እየነኩ። «እኔ ከሄድኩ ከጎኗ የሚቀመጥ ወንድም የላትም። ሳልሞት ለቅሶዋን ልቀመጥላት። ወለል እንዳለው አሳያት። ደግሞም…» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንድ ቦታ ላይ ጣትህን አስቀምጥና ‹መርከቧ እዚህ ናት› በላት።»

«ጋሼ፣ አላውቅም እኮ!»

«አንተ አታውቅም። እኔም አላውቅም። እሷም አታውቅም። ታዲያ ማን ይከስሃል?»

ሳቄ መጣ፤ ግን ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እሺም እምቢም ሳልል ተለያየን።

ሚካኤልን ያከበርኩት ይህንኑ ሳብሰለስል ነው። ምን ነበረበት? አንዲት ጣት ናት። ስንቱ በጎ ሰው ለለቅሶተኛ ከዚህ የባሰ ይዋሻል። እሳቸው ያርፋሉ፣ ወንድማቸው ያርፋሉ፣ ከተማውም ያርፋል። ጣቴን ስክሪኑ ላይ እያንቀሳቀስኩ ሞከርኩትም። የሚያርፍበት አጣ።

በማግስቱ የምሳው ሰው ሲበተን ከጋሼ ንጉሤ ጋር እትዬ አስካለ ምግብ ቤት ሄድን። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ስለጠፋ ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ ቆሟል። ቆርቆሮው በሙቀት ይንጣጣል። የቀረኝ የባትሪው ጉልበት ብቻ ነው። እትዬ አስካለ እጃቸውን አደራርቀው መጡና ከፊቴ ተቀመጡ። ወንድማቸው ነገሩን ነግረዋቸዋል፤ ፊታቸው ላይ ግን ጉጉትም ሐዘንም አይነበብም። ሾፌር ሒሳብ ሲጠይቅ የሚያዩትን አስተያየት ነው ያዩኝ።

ላፕቶፑን ከፈትኩ። ሶፍትዌሩ መጨረሻ እንደተውከው ሆኖ ነው የሚከፈተው፤ እኔ ደግሞ የተውኩት አዳራሹን ባስጮህኩበት ነው። ቀይ ባህር ጥርሱን አግጦ ብቅ አለ።

እትዬ አስካለ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። «ይሄ ሁሉ ገደል! ይሄን ሁሉ ነው የተንከባለለው?»

«አንተ ልጅ፣ ጨረስከን!» አሉ ጋሼ ንጉሤ።

«የለም፣ የለም እትዬ! እንዲህ አይደለም። ከፍታውን እኛ አስር እጥፍ ስበነው ነው።»

«ለምን ትስቡታላችሁ?»

«እንዲያምር።»

«ለማን እንዲያምር?»

ላቤ በጆሮዬ ሥር እየወረደ አስሩን አጠፋሁና አንድ ጻፍኩ።

ተራሮቹ ተቀመጡ። ሌላ ቃል የለኝም፤ መንገድ እንዳደከመው ሰው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ገደሎቹም ሞሉ። ስክሪኑ ላይ የቀረው ሰፊ፣ ጸጥ ያለ፣ ወደ አንድ ወገን በጥቂቱ ያዘነበለ መሬት ነው።

«እውነተኛው የቱ ነው?» አሉ እትዬ አስካለ።

«ይሄ ነው።»

«ሜዳ ነው እንዴ!» ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። «ከወንዙ ማዶ ያለውን የማሾ ማሳ ይመስላል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ታዲያ እሱ የቱ ጋ ነው?»

ጋሼ ንጉሤ ሳሉ። ሳላቸው ምን ማለት እንደሆነ አውቄዋለሁ። ጣቴን እየጠበቁ ነው።

«አላውቅም እትዬ» አልኩ። «ከምጽዋ እስከ አሰብ ባለው መሃል የሆነ ቦታ ነው። ይቺ የሚያዩዋት አንዷ ነጥብ ከመናኸሪያው እስከ ሮቢ ወንዝ ድልድይ ትሰፋለች። መርከብ አታሳይም። እዚህ ነው ብልዎ ውሸት ይሆናል።»

ጋሼ ንጉሤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እትዬ አስካለ ወንድማቸውን አዩ፤ ከዚያ እኔን።

«ጠቁምላት ብሎህ ነበር፣ አይደል?»

ጋሼ ንጉሤን አየሁ።

«አውቀዋለሁ። ከልጅነቱ ጀምሮ ሊያጽናናኝ ሲፈልግ ይዋሻል። አንተም ብትጠቁምልኝ ኖሮ ሳጥንህን ዘግቼ አስወጣህ ነበር። የማታውቀውን አላውቅም ስላልከኝ አሁን የምታውቀውን አምንሃለሁ። ወለል አለው?»

«አለው። የትም ቦታ ቢሆን አለው።»

«አለት ነው አፈር?»

«መርከበኞች ካርታቸው ላይ ብዙውን ጭቃና አሸዋ ብለው ጽፈውታል። ከላይም ደቃቅ አፈር ሁልጊዜ ይወርድበታል። በስሱ፣ ዓመት በዓመት እየደረበ ይሄዳል።»

«ማንም ሳይመልስበት?»

«ማንም ሳይመልስበት። ራሱ ይወርዳል።»

«ሮቢ ሲሞላ ማሳ ላይ ትቶት እንደሚሄደው ደለል?»

«ልክ እንደሱ።»

ከውጭ አንድ ባጃጅ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈ። እትዬ አስካለ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር አዩት።

«እንግዲያው አርፏል» አሉ። «አፈርም ለብሷል።»

የሮቢት አቧራ መቼም አይጣል ነው፤ በዚያች ጥቂት ጊዜ ውስጥ ስክሪኑን ሸፍኖታል። እትዬ አስካለ የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ጠቅልለው አቧራውን ጠረጉት። በጥንቃቄ፣ ማዕዘኑን እንኳ ሳይተዉ ነው የጠረጉት። በሙት ዓመት ቀን መቃብር ላይ የወደቀ ቅጠል የሚጠርግ ሰው እጁ እንዲህ ነው። ሲጨርሱ ተነሱና ወደ ጓዳ ዞሩ።

«አልማዝ!» ብለው አብሳያቸውን ተጣሩ። «የማታውን ወጥ አውርጂው። ንፍሮ ጣጂ።»

አልማዝ ማማሰያዋን እንደያዘች ብቅ አለች። ንፍሮ በደህና ቀን ለቤት ሙሉ ሰው እንደማይጣድ የማያውቅ የለም። «ምነው እትዬ? የማን ለቅሶ ነው?»

«የባሌ» አሉ እትዬ አስካለ። «ደጉ ሞቷል።»

ያን ቃል ከአፋቸው ካወጡ በኋላ መሬት ላይ ተቀመጡ። «ደጉዬ! ደጉዬ!» የሚለው ጩኸታቸው እስከ መናኸሪያው ተሰማ። ያ ሁሉ ዘመን የታፈነ ልቅሶ ነው፤ እንደገና እንዲህ ያለ ድምፅ እንድሰማ እግዜር አይበለው። ጋሼ ንጉሤ ከጎናቸው መሬት ላይ ተቀምጠው ጭናቸውን እየመቱ ያለቅሱ ነበር። እኔም አለቀስኩ፤ በሕይወቴ አይቼው ለማላውቀው ሰው፣ ዘመድ እንደሞተበት ሰው አለቀስኩ። ላፕቶፑ ባትሪው አልቆ መቼ እንደጠፋ አላየሁም።

ማታ ወደ ደሴ የሚወጡ ሾፌሮች እራት ብለው ሲገቡ የቀረበላቸው ንፍሮ ነው። ስንዴና ሽምብራ ላይ ማሾ ተጨምሮበት፣ በቤቱ የተገኘው እሱ ነውና። አንዱም ወጥ አልጠየቀም። ኮፍያቸውን እያወለቁ እፍኝ እፍኝ አነሱና «እግዜር ያጥናዎ» እያሉ ጥግ ጥግ ይዘው ተቀመጡ። ሲነጋ የነፍስ አባታቸው መጡ፤ የደጉም ስም በቤተ ክርስቲያን ከሙታን ጋር ተጠራ። ጋሼ ንጉሤ ለቅሶውን እስከ መጨረሻው ከእህታቸው ጎን ተቀመጡ። ቀጣዩን መስከረም አላዩም። ከማረፋቸው በፊት ልጠይቃቸው ብሄድ እጄን ይዘው፣ «ያቺን ጣትህን አስቀምጠሃት ቢሆን ገድለኸን ነበር» አሉኝ።

በዓመቱ ግንቦት ስልኬ ጮኸ። እትዬ አስካለ ናቸው። «ደምሴ፣ ሙት ዓመቱ ደርሷል። ና ሜዳውን ክፈትልኝ» አሉኝ። ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ የሚካኤል ማግስት ላፕቶፔን ይዤ እወርዳለሁ። እከፍታለሁ፣ እሳቸው በነጠላቸው ይጠርጉታል፣ ጥቂት ቁጭ ብለን እናየዋለን፣ «አፈሩን ያቅልልለት» ይላሉ፣ እዘጋለሁ። ከዚያ ማንጎ እንበላለን። ሌላ ዘመናዊ ላፕቶፕ ሳመጣ አልወደዱትም፤ ያኛው ይሁን አሉ። እውነት ለመናገር እኔም አዲሱን አልወደድኩትም ነበር። መሥሪያ ቤትም ቢሆን ከዚያ ወዲህ የማንንም ወለል ሳሳይ መጀመሪያ የማሳየው ሳይሳብ ነው። አለቆቼ «ይሄማ ጠረጴዛ ነው!» እያሉ ቀልደውብኛል። ይቀልዱ።

ጎረቤት ከተማዋ አጣዬ የተቃጠለች ጊዜ የሮቢትም መንገድ ተዘጋ። እትዬ አስካለ ከአጣዬ የሸሹ ዘመዶቻቸውን ምግብ ቤታቸው ውስጥ አስተኝተው፣ በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሃል ቀኑን አልረሱትም። ደወሉልኝ።

«ከፍተኸዋል?»

«ከፍቻለሁ እትዬ።»

«አቧራውን ጠርገኸዋል?»

«ጠርጌዋለሁ።»

«እኔም ዓይኔን ጨፍኜ እያየሁት ነው» አሉ። መንገዱ ከተከፈተ በኋላም እርጅናው መጥቶባቸው ነበርና አንዳንዱን ዓመት በዚሁ በስልክ አሳለፍነው። ጥያቄያቸው ግን አንድ ቀን አልቀረም። አቧራውን ጠርገኸዋል?

እትዬ አስካለ ባለፈው ጥቅምት አረፉ። ሮቢት ወርጄ ቀበርኩ። አፈሩን ሰው ሁሉ ተሻምቶ መለሰባቸው፤ እኔም ተራዬን አካፋ ይዣለሁ። ባልና ሚስት አንድ ቦታ ቢያርፉ ብዬ ተመኝቼ ነበር፤ ምን ይደረግ። ደጉ የት እንዳለ ዛሬም አላውቅም። ሁለቱም ግን መሬት ላይ ናቸው። ለእሳቸው ያ በቂ ነበረ፤ ሰው የሞተበት ለካ የሚፈልገው ይህችኑ ነው።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ሶኬቱን ሰካሁት። ልጄ በሩ ላይ ቆማ አየችኝና ምንም ሳትል ተመልሳ ሄደች። ብዙ አቃስቶ ተከፈተ። ሜዳው እንዳለ ነው፤ አንድ ብዬ እንደጻፍኩት። ስልኬን አጠገቡ አስቀምጬ ነበር፣ የሚደውል እንደሌለ እያወቅሁ። ትናንት ልጄ ስላጸዳችው ስክሪኑ ላይ አንዲት አቧራ አልነበረችም። በጋቢዬ ጫፍ ከዳር እስከ ዳር፣ ማዕዘኑን ሳልተው ጠረግሁት።

«ጠርጌዋለሁ እትዬ» አልኩ።